ናሙናው ፎርማሊን እስኪገባ ድረስ

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ታቦር፣ በመራዊም ሆነ በዳንግላ፣ ከታካሚ ገላ ተቆርጦ የሚወጣ እብጠት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይሄዳል፦ ካንሰር ነው ወይስ አይደለም? ታካሚው መልሱን የሚጠብቀው ከፓቶሎጂስቱ ነው። አስታማሚዎችም የሚያወሩት ስለ ሐኪሙ ችሎታ፣ ስለ ወረፋው፣ ስለ ውጤቱ መዘግየት ነው። ነገር ግን መልስ መገኘቱም ሆነ አለመገኘቱ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ናሙናው ማይክሮስኮፕ ሥር ከመግባቱ ቀናት አስቀድሞ፣ ሥጋው ከሰውነት በተለየ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ነው። በዚያች ሰዓት ናሙናው በትክክለኛው ፈሳሽ፣ በበቂ መጠን ካልተነከረ፣ ኋላ የሚመጣ ባለሙያም ሆነ መሣሪያ የጠፋውን አይመልሰውም። የላብራቶሪ ሰዎች ይህን ሥራ «ፊክስ ማድረግ» ይሉታል። ከሕክምናው ሰንሰለት ሁሉ ርካሹ ሥራ ይህ ነው፤ በክልላችንም ብዙ ምርመራ የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደም የተቋረጠበት ሕዋስ ራሱን መብላት ይጀምራል። በውስጡ ታሽገው የነበሩ ኢንዛይሞች ይለቀቁና የገዛ ፕሮቲኑን ይፈጩታል፤ ኒውክለሱ ይደበዝዛል፣ የሕዋሱ ዳር ይሟሟል። ከዚያ ባክቴሪያ ይከተላል። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋንና ቆሽት በቶሎ ከሚበላሹት ውስጥ ናቸው፤ ቆዳ ግን ትንሽ ይታገሣል። ሙቀት ደግሞ ሥራውን ያፋጥነዋል። በጣና ዳር በሚያዝያና በግንቦት ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ በደረቅ ጎዝ ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ የቆየ ናሙና ያለ አንዳች ውጫዊ ምልክት ውስጥ ውስጡን ይበላሻል። መልኩ ያው ነው፤ ሽታም ገና የለውም። ፓቶሎጂስቱ ግን የሚከፋፈሉ ሕዋሳትን ሲቆጥር ቁጥራቸው ቀንሶ ያገኛል፤ አደገኛውን ዕጢም ከአደገኛነቱ ዝቅ አድርጎ ሊመድበው ይችላል።

ሥጋ እንዳይበሰብስ ማድረግ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ቋንጣ ወራት ይቆያል። ይሁን እንጂ መድረቅ ሕዋሱን ያጨማድደዋል እንጂ እንደነበረ አያቆየውም። ለምርመራ የሚፈለገው ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮቲን በሕይወት ሳለ በነበረበት ቦታ ተይዞ እንዲቀር ነው። ፎርማልዴሃይድ ይህን የሚያደርገው በኬሚካል ድልድይ ነው። መጀመሪያ የፕሮቲኑ አሚን ጫፍ ላይ ይጣበቃል፤ ቀስ ብሎም አጠገቡ ካለው ፕሮቲን ጋር ያስተሳስረዋል። በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ማሰሪያዎች ሲበዙ ኢንዛይሞቹም ራሳቸው ይታሰራሉ፤ ራስን መብላት ያቆማል። መጣበቁ ፈጣን፣ ማስተሳሰሩ ግን ዘገምተኛ ነው። ትንሽ ቁራጭ እንኳን ሙሉ በሙሉ ለመያዝ በክፍል ሙቀት አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። ፈሳሹ ውስጥ ገብቶ በሁለት ሰዓት የወጣ ናሙና ላዩ ጠንክሮ ውስጡ ጥሬ ነው። ቀጥሎ የሚጠብቀው አልኮል ጥሬውን ክፍል በራሱ መንገድ ስለሚያደርቀው አንዱ ስላይድ ላይ ሁለት ዓይነት ሥጋ ይታያል።

የነገሩ ታሪክ፣ በሚገርም አጋጣሚ፣ ከጣና ጋር በአንዲት ከተማ ይገናኛል። ሩሲያዊው ኬሚስት አሌክሳንደር ቡትሌሮቭ እ.ኤ.አ. በ1859 ሌላ ነገር ሲፈልግ ፎርማልዴሃይድን ሠራ፤ ምንነቱን በትክክል ያስቀመጠው ጀርመናዊው ኦገስት ቪልሄልም ፎን ሆፍማን ነው። ለሠላሳ ዓመታት ያህል ግን ከሥጋ ጋር ያገናኘው አልነበረም። በ1893 የፍራንክፈርቱ ሐኪም ፈርዲናንድ ብሉም ፈሳሹን ለጀርም መግደያነት ሲሞክር የገዛ ጣቶቹ ቆዳ እየጠነከረ መምጣቱን አስተዋለ። ቆዳን ካጠነከረ ሌላውንም ሥጋ ያጠነክራል ብሎ ሞከረ፤ ሆነለትም። በዚያው ከተማ በሴንከንበርግ ሙዚየም ደግሞ የፍራንክፈርት ተወላጅ የሆነው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከጣና የወሰዳቸው ዓሦች ተቀምጠው ነበር። በውሃችን ብቻ የሚገኙትን ትልልቅ የባርቤል ዝርያዎች ለሳይንስ መጀመሪያ የገለጸው እሱ ነው። ሩፔል ዓሦቹን ሲሰበስብ ፎርማሊን የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬ በጣና ላይ የሚሠራ የዓሣ ተመራማሪ ግን ናሙናውን መጀመሪያ ፎርማሊን ውስጥ ከትቶ ኋላ ወደ አልኮል ያዛውረዋል። ከዓሣው እስከ ጡት ዕጢው ሥራው አንድ ነው።

በገበያ የሚገኘው ወፍራሙ ፎርማሊን ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዴሃይድ የያዘ ነው። ለናሙና የሚውለው አንድ እጅ ፎርማሊን ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ሲደባለቅ የሚገኘው ነው። «10 በመቶ ፎርማሊን» የሚባለውም ይህ ነው፤ በውስጡ ያለው ፎርማልዴሃይድ ግን 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ስህተት ይበዛል። «10 በመቶ» የሚለውን የፎርማልዴሃይዱ መጠን አድርጎ የሚያሰላ ሰው አንድ እጅ በሦስት እጅ ውሃ ቀላቅሎ ከሚገባው እጥፍ በላይ ያወፍረዋል። ሌላው ደግሞ አስቀድሞ የቀጠነውን እንደ ወፍራም ቆጥሮ እንደገና ያቀጥነዋል፤ ይህኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም ናሙናው ፈሳሽ ውስጥ እያለ ይበሰብሳል፤ የላከውም ሰው ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል።

ውሃ ብቻ የተጨመረበት ፎርማሊን ሲቆይ ፎርሚክ አሲድ ያበጃል። አሲዱ በናሙናው ውስጥ ካለው ደም ጋር ሲገናኝ ቡናማ ጥቁር ብናኝ ይፈጥራል። ይህ ብናኝ በአውሮፓ ላብራቶሪ የሚያስነውር እድፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። በጣና ዙሪያ ግን ከዚያ ያለፈ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የወባ ጥገኛ ቀይ የደም ሕዋስን በልቶ የሚተወው ቀለምም ቡናማ ጥቁር ነው፤ ሁለቱም ከአንድ የደም ንጥረ ነገር የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም በፖላራይዝድ ብርሃን ያበራሉ። ከጣፊያ፣ ከጉበት ወይም ከእንግዴ ልጅ በተወሰደ ናሙና ላይ «ወባ ነበረባት» እና «ፎርማሊኑ አርጅቶ ነበር» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አንድ መልክ ይዘው ይመጣሉ። ልምድ ያለው ዓይን ብናኙ ሕዋስ ውስጥ ነው ወይስ በሕዋስ ላይ ተነስንሷል ብሎ ይለያቸዋል፤ ያም ቢሆን ጥርጣሬ ይተዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር ወፍራም ፎርማሊን፣ 900 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖሶዲየም ፎስፌትና 6.5 ግራም ዳይሶዲየም ፎስፌት ከገባ አሲድነቱ ተስተካክሎ ይቆያል። ጨዎቹ በማይገኙበት ቦታ ካልሲየም ካርቦኔት ከጠርሙሱ ሥር ማስቀመጥ ምንም ካለማድረግ በብዙ ይሻላል። የአሲድነት መለኪያ ወረቀት አንድ ጥቅል ለወራት ያገለግላል። በወባ አገር የፓቶሎጂ ላብራቶሪ ያለዚህ ወረቀት መሥራት የለበትም።

ፈሳሹ ትክክል ሆኖም መጠኑ ካነሰ ዋጋ የለውም። ለአንድ እጅ ሥጋ ከ10 እስከ 20 እጅ ፎርማሊን ያስፈልጋል። 100 ግራም የሚመዝን እንቅርት ከ1 እስከ 2 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። እንቅርት በበዛባቸው የጎጃምና የጎንደር ደጋዎች ይህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ኪሎ የሚመዝን ጡት ወይም ማህፀን ሲወጣ ደግሞ ሒሳቡ 10 ሊትር ይሻገራል፤ ማንም ያን ያህል አያቀርብም። ስለዚህ መፍትሔው ቢላዋ ነው። ፒተር ሜዳዋር፣ ኋላ በሌላ ሥራው የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሳይንቲስት፣ እ.ኤ.አ. በ1941 እንዳሳየው ፈሳሽ ወደ ሥጋ የሚገባው እየዘገየ ነው፤ ጥልቀቱ እጥፍ እንዲሆን ጊዜው አራት እጥፍ መሆን አለበት። በላብራቶሪ የተለመደው ስሌት ለመጀመሪያው ሚሊ ሜትር አንድ ሰዓት ይሰጣል። በዚህ ሒሳብ 5 ሚሊ ሜትር ጠልቆ ለመግባት 25 ሰዓት፣ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ያልተከፈተ እንቅርት መሃል ለመድረስ ደግሞ 400 ሰዓት ያስፈልጋል፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ማለት ነው። መሃሉ ይህን ያህል አይጠብቅም። ሐኪሙ ዕጢውን ካወጣ በኋላ በሴንቲ ሜትር ልዩነት ሰንጥቆ፣ በስንጥቆቹ መካከል ጎዝ አስገብቶ ቢነክረው ግን በማግሥቱ ሊመረመር ይደርሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ስለት ያለው ቢላዋና የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አንዳንድ ቀዶ ሐኪሞች ዕጢውን መክፈት የፓቶሎጂስቱ መብት ነው ብለው ይከራከራሉ፤ ጠርዙ እንዳይጠፋ ይሰጋሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው። ግን ፓቶሎጂስቱ በሌላ ከተማ ባለበት ሁኔታ በትክክል የተሰነጠቀ ናሙና ሳይነካ ከበሰበሰው በማንኛውም ቀን ይመረጣል፤ ጠርዙንም በክር ምልክት አድርጎ መላክ ይቻላል።

ዕቃውም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ፎርማሊን በተዘጋጀ ሰፊ አፍ ብልቃጥ ተሞልቶ ኦፕራሲዮን ክፍል ካልተቀመጠ አስታማሚው ከደጅ የተገኘውን ያመጣል፤ ብዙውን ጊዜ የተጠጣ ሃይላንድ። ትኩሱ ሥጋ ለስላሳ ስለሆነ በጠባቡ አፍ ተገፍቶ ይገባል፤ ጠንክሮ ግን አይወጣም፤ ጠርሙሱ መቀደድ አለበት፤ በዚያ መሃል ናሙናው ይጨፈለቃል። የጠርሙሱ ክዳን ያፈስሳል፤ ፈሳሹ በሚኒባስ ውስጥ በአስታማሚው ልብስ ላይ ይፈስሳል፤ የቀረው ናሙና ከግማሽ በላይ ከፈሳሽ ውጭ ሆኖ ይደርሳል። ስሙ የተጻፈበት ፕላስተር ደግሞ ርሶ ይላቀቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሐኪሙ ጥሩ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ያለው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ያለው ከዚያ በጣም ይርቃል። ዛሬ በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የፓቶሎጂ አገልግሎት ስላለ የከተማዋ ታካሚ ብዙ አይንገላታም። የወረዳው ታካሚ ግን ናሙናውን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ይጓዛል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ የተረዳነው ነገር አለ፤ በደንብ ፊክስ የሆነ ናሙና ሳምንት ቢዘገይ ምርመራው ይደርሳል፤ በደረቁ ወይም በጨው ውሃ የተላከ ግን ሁለት ቀን ከዘገየ አብቅቶለታል። ፎርማሊን ጊዜ ይገዛል። በሰላም ጊዜ ይህ ምቾት ነው፤ መንገድ ሲዘጋ የሰው ሕይወት ይሆናል።

ይሁንና ሁሉን ነገር ፎርማሊን ውስጥ መክተትም ስህተት ነው። ይህንን አጥብቄ የምናገረው ስለ ንፍፊት ነው። አንገቱ ላይ ንፍፊት አብጦ የሚመጣ ወጣት በአካባቢያችን በርካታ ነው፤ ከሳንባ ውጭ ያለ ቲቢ ኢትዮጵያ ውስጥ እጅግ የተለመደ ነው። ንፍፊቱ ተቆርጦ ወጥቶ ሙሉ በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ባክቴሪያው ይሞታል፤ ካልቸር ማድረግ ከዚያ በኋላ አይቻልም፤ መድኃኒት መላመዱን በካልቸር መፈተሽም አብሮ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ጂን ኤክስፐርት የተባለው የቲቢ ምርመራ ለንፍፊት ናሙና እንዲውል ከመከረ ወዲህ ደግሞ ትኩስ ናሙና ከበፊቱ የበለጠ ዋጋ አለው። ስለዚህ ንፍፊቱ እዚያው ኦፕራሲዮን ክፍል ለሁለት መከፈል አለበት፤ ግማሹ በጨው ውሃ ወደ ቲቢ ላብራቶሪ፣ ግማሹ በፎርማሊን ወደ ፓቶሎጂ። አንድ ቃል ትዕዛዝ በቂ ነው፤ ግን ቀድሞ መታዘዝ አለበት።

በክልሉ ከሚሠራው የፓቶሎጂ ሥራ ብዙው ደግሞ ቢላዋ ሳይሆን መርፌ ነው። በቀጭን መርፌ የተቀዳ ናሙና ስላይድ ላይ ይሰመራል፤ ለራይት ወይም ለጊምሳ ቀለም ከሆነ በአየር ይደርቅና በሜታኖል ይያዛል፤ ለፓፓኒኮላዎ ቀለም ከሆነ ግን ሳይደርቅ በቅጽበት 95 በመቶ አልኮል ውስጥ መግባት አለበት። ሁለቱን ያምታታ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል። ሜታኖሉ ውሃ ከነካው ቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ጉድጓድ የመሰለ ምልክት ይወጣል። በየጤና ጣቢያው ወባ የሚመረምር ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ነገር እዚህ ላይ ይረዳል፤ ቀጭኑ የደም ስሚር በሜታኖል ይያዛል፣ ወፍራሙ ግን ሆን ተብሎ ሳይያዝ ይቀራል፤ ምክንያቱም ቀይ ሕዋሳቱ ፈርሰው ጥገኛው ብቻ እንዲታይ ይፈለጋል። ፊክስ ማድረግ ሁልጊዜ ምርጫ ነው፤ ምን ማየት እንደምንፈልግ ካላወቅን በምን እንደምንይዘው አናውቅም።

ከጣና በስተ ምሥራቅ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በ2005 እ.ኤ.አ. የታወቀው የካላዛር ወረርሽኝ ይህን በሚያሳዝን መንገድ አሳይቶናል። በሽታው በደጋው ነዋሪ ዘንድ የማይታወቅ ነበር፤ ትኩሳቱና የጣፊያው እብጠት መጀመሪያ ወባ ተብሎ ታስቦ ብዙ ሰው ሞተ። ጥርጣሬው የተቆረጠው ከታካሚዎች በተወሰደ ናሙና ውስጥ የሌይሽማንያ ጥገኛ ሲታይ ነው። ጥገኛው ቀይ የደም ሕዋስን እንኳ የማያህል ጥቃቅን ነገር ነው፤ ኒውክለሱና አጠገቡ ያለችው ትንሽ በትር ጥርት ብለው ካልታዩ ከቆሻሻ አይለይም። ለዚያ ጥራት ሁሉን የሚወስነው በአግባቡ የደረቀና በንጹሕ ሜታኖል የተያዘ ስላይድ ነው። ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ነገርም አለ፤ ያልተያዘ ስሚር ከፎርማሊን ብልቃጥ ጋር በአንድ ሳጥን ከተላከ ትነቱ ብቻውን ስላይዱን ያበላሸዋል፤ ቀለሙ ወደ ደብዛዛ ሰማያዊ ያደላል፤ ጥገኛውም ይሰወራል። ናሙናና ስሚር አንድ ላይ አይጓዙም።

እንቅርትን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ፎርማሊን ያለኝን አመለካከት የሚገልጽ ነው። ፓፒላሪ የሚባለውን የታይሮይድ ካንሰር ፓቶሎጂስት ከሚለይበት ምልክት አንዱ ውስጡ ባዶ የመሰለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ኒውክለስ ነው። ያ ባዶነት በሕይወት ያለ ሕዋስ ውስጥ የለም። ፎርማሊንና ፓራፊን አብረው የሚፈጥሩት ነው፤ በበረዶ ተቆርጦ ወዲያው በሚታይ ናሙናም ሆነ በመርፌ ስሚር ላይ አይወጣም። ማለትም የዓለም ፓቶሎጂ ከመቶ ዓመት በላይ የተማረው ሥጋን ሳይሆን ፎርማሊን የገባበትን ሥጋ ማንበብ ነው፤ መጻሕፍቱ፣ ሥዕሎቹ፣ የካንሰር ደረጃዎቹ ሁሉ በዚህ መልክ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ስለዚህ ፈሳሹን በሌላ መተካት ጠርሙስ እንደመቀየር አይደለም፤ ዓይንን እንደገና ማሠልጠን ነው።

ተተኪ ፍለጋው ግን አላቆመም። በአገራችን ብዙ ሰው የሚማርከው ማር ነው። የሕንድና የሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች በውሃ የተበረዘ ማርና የሸንኮራ ስኳር ከፎርማሊን ጋር አወዳድረው ትናንሽ ቁራጮችን በአንድ ቀን ውስጥ ጥሩ አድርገው እንደያዙ ዘግበዋል። የጎጃም ማር ወደ ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ሲገባ ማየት ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ እኔ ግን አልመክረውም። ማር አሲድነት ስላለውና ውሃ ስለሚስብ ይጠብቃል እንጂ ፕሮቲንን እንደ ፎርማልዴሃይድ አያስተሳስርም፤ ወፍራም ዕጢ ውስጥ ሲገባ ይዘገያል፤ ተበርዞ ሲቆይም ሊፈላ ይችላል፤ ይህንን ጠጅ የሚጥል ሰው ሁሉ ያውቃል። ግላይኦክሳል የተባለው ውህድ ትነቱ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ለሠራተኛው ይሻላል፤ ዋጋውና አቅርቦቱ ግን ከአቅማችን ርቋል። የጣሊያኗ ቱሪን ሆስፒታል ትልልቅ ናሙናዎችን አየር በተመጠጠበት ፕላስቲክ አሽጎ በ4 ዲግሪ ወደ ላብራቶሪ የመላክ ዘዴ አስተዋውቋል፤ ፎርማሊን የሚገባው እዚያ ሲደርስ ብቻ ነው። ይህ ሐሳብ ለእኛ ትምህርት አለው። እስከ ገጠር ድረስ የተዘረጋ የክትባት ማቀዝቀዣ ሰንሰለት ያለን ሕዝብ ነን። ፎርማሊን በሌለበት ሌሊት ለወጣ ናሙና ማቀዝቀዣ እስከ ጠዋት ሊያቆየው ይችላል፤ ማቀዝቀዝ እንጂ በረዶ ማድረግ ግን አይደለም፤ በረዶ ሕዋሱን ይቀደዋል።

የጡት ካንሰር ላይ የዚህ ሁሉ ዋጋ በግልጽ ይታያል። ዕጢው የኤስትሮጅን ተቀባይ ካለው ታሞክሲፌን የተባለው ርካሽ ኪኒን ለዓመታት ይጠቅማል፤ ከሌለው አይጠቅምም። ተቀባዩን የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ ለፊክሴሽን ጥራት እጅግ ስስ ነው። የአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበርና የፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ በጋራ ባወጡት መመሪያ የጡት ናሙና ከወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን መግባት፣ ከ6 ሰዓት ላላነሰ ከ72 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜም እዚያው መቆየት አለበት። ለረጅም ጊዜ የአፍሪካ ሴቶች የጡት ካንሰር በአብዛኛው ተቀባይ የሌለው ነው የሚል እምነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ የአፍሪካን ጥናቶች አሰባስቦ የመረመረ ሥራ ግን ከመዝገብ ቤት በወጡ፣ በፓራፊን በተቀመጡ አሮጌ የናሙና ብሎኮች ላይ ተቀባይ ያላቸው ዕጢዎች ድርሻ፣ ታስበው በጥንቃቄ ከተሰበሰቡት ናሙናዎች በ10 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ አገኘው። በዚያው ዓመት የታተመው ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታካሚዎች የተሠራ ጥናት ደግሞ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ተቀባይ ያላቸው መሆኑን አሳየ። የዘር ጠባይ ነው የተባለው ነገር ከፊሉ የናሙና አያያዝ ነበር ማለት ነው። የዘገየ ፎርማሊን ተቀባዩን ሲያጠፋው፣ የበዛ ፎርማሊን ደግሞ ይሸፍነዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የተገኘው ስላይድን በውሃ አፍልቶ ፕሮቲኑን የመግለጥ ዘዴ የተሸፈነውን ያወጣዋል፤ የጠፋውን ግን አይመልሰውም።

ፎርማሊን ሰውን ይጎዳል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ፎርማልዴሃይድን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገባው። በአሜሪካ ሕግ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሊተነፍሰው የሚፈቀደው ከሚሊዮን አየር 0.75 እጅ ብቻ ነው። ዓይንና አፍንጫ መጀመሪያ ያቃጥላል፤ ከዚያ አፍንጫ ይለምደዋል፤ አደጋውም ያለው በመልመዱ ውስጥ ነው። በትንሽ ክፍል፣ ከተዘጋ መስኮት ጀርባ፣ ያለ አየር መምጠጫ ናሙና የሚቆርጥ ቴክኖሎጂስት የሌላውን በሽታ ሲያጣራ የራሱን ጤና እየከፈለ ነው። ጓንትና የዓይን መከላከያ የቅንጦት ዕቃ አይደሉም፤ መስኮትም ማራገቢያም እንዲሁ። ያገለገለው ፎርማሊን ወደ ቧንቧ መደፋት የለበትም። ይህ በየትም ከተማ እውነት ነው፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣባት፣ እንቦጭ በወረረው ውሃ ዓሣ እየተጠመደ በሚበላባት ከተማ ግን ይበልጥ ያሳስባል። ፎርማልዴሃይድን ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡ ኬሚካሎች አሉ፤ ቢያንስ ተጠራቅሞ በጥንቃቄ እንዲወገድ ባለቤት ያስፈልገዋል።

ባለቤት የሚለው ነገር የጉዳዩ ሁሉ ቋጠሮ ነው። በብዙ ሆስፒታል ፎርማሊኑን መበጥበጥ የማንም ሥራ አይደለም፤ ስክራብ ነርሷ ላብራቶሪውን፣ ላብራቶሪው ፋርማሲውን፣ ፋርማሲው ግዢውን ይጠብቃል። ቀዶ ሕክምና የሚሠራ እያንዳንዱ ሆስፒታል አሲድነቱ የተስተካከለ ፎርማሊን የተሞሉ ሰፊ አፍ ብልቃጦች ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ ቢያስቀምጥና አንድ ሰው በስም ቢመደብበት፣ ከአዲስ ማሽን ግዢ የበለጠ ምርመራ ይተርፋል። በክልሉ የፓቶሎጂ መጠየቂያ ወረቀት ላይ ደግሞ ሁለት መስመሮች ይጨመሩ፤ ናሙናው የወጣበት ሰዓትና ፎርማሊን የገባበት ሰዓት። ፎርማሊኑ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ናሙናው በአልኮልና በዛይሊን አልፎ፣ በ60 ዲግሪ ገደማ በቀለጠ ፓራፊን ተውጦ፣ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ስስ ሆኖ ይቆረጣል፤ የቀረው ብሎክ በመዝገብ ቤት ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ቀን የአካባቢውን ጡት ካንሰር በዘረመል ሊመረምር እነዚያን ብሎኮች ሲያወጣ፣ ፎርማሊን ዲኤንኤውን የሚሰባብረውና ፊደሉን የሚቀይረው መሆኑን ያውቃል። ሰዓቶቹ ተጽፈው ካላገኛቸው ግን ያየው ለውጥ የዕጢው ይሁን የፈሳሹ መለየት አይችልም።